ፀሐይ ላይ ለማይነበብ ተች ስክሪን፦ ኒት ከመግዛትህ በፊት ነጸብራቁን ቀንስ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን 7 ኢንች ተች ስክሪን ገጥመሃል። ወርክሾፕ ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል። ማሳው ላይ ቀትር ሲሆን ግን ምንም አይነበብም። ማታ ደግሞ ዘበኛው «ዓይኔን ወጋኝ» ይልሃል። ያለህ ስክሪን 400 ኒት ነው (ኒት የአንድ ገጽ ብሩህነት መለኪያ ነው)፤ 1000 ኒት ልግዛ ወይ ብለሃል።

አትቸኩል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ጣጣ ውስጥ ገብቼ ነበር። መቂ አካባቢ ለአንድ የሽንኩርት ማሳ የሶላር ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሠራሁ። ወርክሾፕ ውስጥ ሁሉም ነገር ያምር ነበር። ወስጄ ገጠምኩት። ባለ ማሳው ነጭ ጋቢ ለብሰው መጡና ስክሪኑ ፊት ቆሙ። ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፣ በመዳፋቸው ጋረዱት። ከዚያ «የራሴን ጋቢ ነው የማየው» አሉኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው እውነታቸውን ነው። የጋቢው ጥለት ሳይቀር ይታያል፤ ቁጥሩ ግን የለም።

ያን ቀን ያልገባኝን ነገር በቁጥር ላሳይህ። ቢሮ ውስጥ ያለው ብርሃን ከ300 እስከ 500 ሉክስ ነው፤ ሉክስ ገጹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። ውጭ ጥላ ሥር 10,000 ሉክስ ይደርሳል። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ወደ 100,000 ሉክስ ነው። ጥላ ሥር የቆመ ነጭ ጋቢ ራሱ ወደ 3,000 ኒት ያበራል። አንተ በ400 ኒት ልትወዳደረው ነው።

መስታወትና አየር በሚገናኙበት እያንዳንዱ ገጽ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ተመልሶ ይነጥራል። ያንተ ተች ከኤልሲዲው (ምስሉን ከሚያሳየው ፓነል) በላይ በዙሪያው ባለ ማጣበቂያ የተለጠፈ ነው ብዬ እገምታለሁ። መሀሉ አየር ነው። ስለዚህ የተቹ የላይኛው ገጽ 4፣ የታችኛው ገጽ 4፣ የኤልሲዲው ገጽ 4 ይወስዳል። ድምሩ 12 በመቶ ነው። የ3,000 ኒት ጋቢ 12 በመቶ 360 ኒት ሆነ ማለት ነው። ይህ 360 ኒት በነጩም በጥቁሩም ላይ እኩል ይደፋል። ነጭህ 760፣ ጥቁርህ 360 ይሆናል። ኮንትራስትህ፣ ማለትም የነጩና የጥቁሩ ልዩነት፣ 2 ለ 1 ብቻ ነው። ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ ወረቀት) ላይ 800 ለ 1 ተብሎ የተጻፈው ጨለማ ክፍል ውስጥ የተለካ ነው፤ ማሳ ላይ አይሠራልህም።

አሁን 1000 ኒት ገዛህ እንበል። 1360 ለ 360። 4 ለ 1 እንኳ አይሞላም።

ያንኑ 400 ኒት ስክሪን ይዘህ የአየሩን ክፍተት በጥሩ ግልጽ ማጣበቂያ ብትሞላውስ? ኦፕቲካል ቦንዲንግ የሚሉት ይህን ነው። ሁለቱ የውስጥ ነጸብራቆች ይጠፋሉ፤ የሚቀረው የላይኛው 4 በመቶ ነው። የጋቢው ነጸብራቅ 120 ኒት ብቻ ይሆናል። 520 ለ 120፣ ከ4 ለ 1 በላይ ነው። ሳንቲም የሚያህል ተጨማሪ ኃይል ሳታወጣ ከ1000 ኒቱ በለጥክ። መስታወቱ ላይ ጸረ-ነጸብራቅ ሽፋን ተጨምሮበት ነጸብራቁ 1 በመቶ ከደረሰ ደግሞ 430 ለ 30 ነው፤ ከ14 ለ 1 በላይ። ይህን ሂሳብ ወረቀት ላይ ስሠራው ለባክላይት (ከስክሪኑ ኋላ ላለው መብራት) ያወጣሁት ገንዘብ ቆጨኝ።

ከፍተኛ ኒት ሌላም ዕዳ አለው። ብሩህነቱን እጥፍ ስታደርግ የባክላይቱ ኃይልም እጥፍ ያህል ይሆናል። ያ ሁሉ የሚወጣው ከባትሪህ ነው፤ የሚቀረው ደግሞ ሙቀት ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ ነው። 7 ኢንች ገጽ ላይ ፀሐይዋ ብቻዋን ወደ 13 ዋት ታፈስበታለች። ፈሳሽ ክሪስታሉ ከልክ በላይ ሲግል ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ደንበኛህ ግን ተበላሸ ብሎ ነው የሚደውልልህ።

ቦንዲንጉን ራሴ ልሞክረው ካልክ አደራ። ስልክ መስታወት የሚቀይሩ ልጆች ጋ ቫኪዩም ማሽን አለ፤ እኔም አንዱን ወስጄ አስሞክሬ ነበር። ለስልክ ያገለግላል። የኢንዱስትሪ ኤልሲዲ ግን ዙሪያውን የብረት ፍሬም አለው። ፍሬሙ ከገጹ ከፍ ስለሚል ስስ ማጣበቂያ አይደርስለትም፤ ጥጉ ላይ አረፋ ይቀራል። በሙቀት ደግሞ አረፋው ያድጋል። ስታዝ ከፋብሪካው የተጣበቀውን እዘዝ። ሌላም ነገር አለ። ካፓሲቲቭ ተች (እንደ ስልክ በጣት ንክኪ የሚሠራው) ከኤልሲዲው ጋር ሲጣበቅ የኤልሲዲው የኤሌክትሪክ ረብሻ ይቀርበዋል። የተቹን ኮንትሮለር ሴቲንግ እንደገና ካላስተካከልክ ሳይነኩት እንደተነካ ይቆጥራል። አብሮ የተጣበቀና የተስተካከለ ስትገዛ ይህ ራስ ምታት ይቀርልሃል።

ለጊዜው ግን ወጪ የሌለውን መፍትሔ ሞክር። ሳጥንህ ላይ ስክሪኑ ወደ ላይ ያጋደለ ነው? የኔ እንደዚያ ነበር፤ ለአንገት ይመቻል ብዬ። ወደ ላይ ያጋደለ ስክሪን ሰማይን ያንጸባርቃል፤ ሰማዩ ደግሞ ብዙ ሺህ ኒት ነው። ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ከዓይን ትንሽ ዝቅ ሲል የሚያንጸባርቀው አፈሩን ሆነ። ከላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርቆሮ አወጣሁለት። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ቦንዲንግም ብቻውን አያድንህም፤ እዚያ ጋቢው 30,000 ኒት ነው። ጥላው ግድ ነው። ሳጥኑን ወደ ሰሜን ማዞር ብዙ ቦታ ይመከራል። እኛ ጋ ግን ክረምት ላይ ፀሐይዋ ራሷ ወደ ሰሜን ታልፋለች። እና ቆርቆሮውን አትተው።

አሁን ወደ ገጹ ዲዛይን ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ቤት ውስጥ ያምራል። ውጭ ግን ጥቁሩ ገጽ መስታወት ነው፤ ፊትህን ያሳይሃል። ለቀን ነጭ መደብ፣ ወፍራም ጥቁር ፊደል አድርግ። ግራጫ ጽሑፍ አውጣው። ለአማርኛ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኛን ፊደል የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ናት፤ ኮንትራስት ሲወርድ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። እኔ ቁልፉ ላይ «ሙላ»፣ የታንኩ ሁኔታ ላይ «ሞላ» ብዬ ጽፌ ነበር። ፀሐይ ላይ ሁለቱ አንድ ሆኑ። ሰውየው ታንኩ ሞልቷል ብለው ቁልፉን ሳይነኩት ሄዱ። ሽንኩርቱ አንድ ቀን ሳይጠጣ ዋለ። ይህ እስካሁን ይከነክነኛል። አሁን ቁልፉ «ፓምፕ አስነሳ» ነው፤ ታንኩ ደግሞ በሥዕል ነው የሚታየው። ቀይና አረንጓዴም ፀሐይ ላይ ይደበዝዛሉ፤ በቅርጽም ለያቸው።

የማታው ጉዳይ። 400 ኒት በጨለማ እውነትም ዓይን ይወጋል። ከ5 እስከ 20 ኒት ይበቃል። ስለዚህ ባክላይቱ ወደ 1 በመቶ መውረድ መቻል አለበት። ፒደብሊውኤሙን (መብራቱን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ የሚያደበዝዘውን ምልክት) በ20 ኪሎ ኸርዝ ከሰጠኸው 1 በመቶ ማለት ግማሽ ማይክሮ ሰከንድ ነው። ብዙ ድራይቨር (ባክላይቱን የሚነዳው ሰርኪዩት) አይደርስበትም፤ ወይ ይጠፋል ወይ ይርገበገባል። በ200 ኸርዝ ግን 50 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ይደርስበታል። ደረጃዎቹን በመደመር ሳይሆን በማባዛት አውጣቸው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያልክ። ከ1 ወደ 2 በመቶ ዓይን በደንብ ይሰማዋል፤ ከ80 ወደ 81 ግን ምንም።

የብርሃን ሴንሰር ከገጠምክ ቢኤች 1750 ርካሽ ነው፤ እስከ 65,535 ሉክስ ይለካል። ቀጥታ ፀሐይ ያልፈዋል፤ ግን ያኔ ባክላይቱ ሙሉ ስለሆነ ችግር የለውም። እኔ መጀመሪያ ከቁልፎቹ አጠገብ ነበር ያስቀመጥኩት። ሰው ሊነካ እጁን ሲያነሳ የእጁ ጥላ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፣ ስክሪኑ ይደበዝዛል። ሰውየው ደንግጦ እጁን ይመልሳል፣ ስክሪኑ ይበራል። ወደ ላይኛው ጥግ አወጣሁት። ሲበራ ወዲያው፣ ሲደበዝዝ ግን 30 ሰከንድ ያህል ጠብቆ እንዲሆን አደረግኩ።

ስለ ጸሐይ መነጽርም አንድ ነገር። ፖላራይዝድ መነጽር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ) ያደረገ ሰው አንዳንዱን ኤልሲዲ ጥቁር አድርጎ ያየዋል። ስትገዛ መነጽሩን አድርገህ ስክሪኑን በቁምም በአግድምም አዙረው። በምትገጥምበት አቅጣጫ ከጠቆረ አትውሰደው።

ተች ባያስፈልግህ ኖሮ ሌላ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውና እኛ ትምህርት ቤቶችም የደረሰው ኤክስኦ የተባለው የልጆች ላፕቶፕ ባክላይቱ ጠፍቶ በፀሐይዋ ብርሃን ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይነበብ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ስክሪን ለቁጥር ድንቅ ነው። የመስኖ ሰው እጁ እርጥብና ጭቃ ስለሆነ እኔ አሁን ማስነሻና ማቆሚያውን በብረት ቁልፍ አድርጌዋለሁ፤ ተቹ ለሴቲንግ ብቻ ነው። እስቲ አስብበት።

የስክሪንህን ሞዴል ቁጥርና ሳጥኑን ከጎን ያነሳኸውን ፎቶ ላክልኝ። ፎቶውን 8 ሰዓት ላይ አንሳው፤ ነጭ ነገር ለብሰህ ፊቱ ቁም። ተቹ ሪዚስቲቭ (ጫን ሲሉት የሚሠራው ዓይነት) ከሆነም ንገረኝ። እሱ በውስጡ ራሱ የአየር ክፍተት ስላለው በቦንዲንግ ብቻ አይድንም፤ ያኔ መቀየር ነው።