ቢጫዋን ሴኮ 6139 ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ “ሴኮ 6139 ሰዓት፣ ቢጫ ፊት፣ ሻጩ እንደ አዲስ የታደሰች ናት አለኝ፣ ልግዛት?” ላልከው፦ እንዲህ እያብረቀረቀች ከሆነ አትቸኩል። በፈረንጆቹ 1969 የመጀመሪያዋ አውቶማቲክ ክሮኖግራፍ (በእጅ እንቅስቃሴ የምትሞላ፣ ጊዜ መለኪያ ያላት ሰዓት) ለመባል ከስዊሶቹ ዜኒት ኤል ፕሪሜሮና ከእነ ሆየር ካሊበር 11 ጋር እየተሽቀዳደመች የወጣች ናት። ጠፈርተኛው ዊልያም ፖግ ስካይላብ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ ላይ አስሯት እንደነበርም ሻጩ ሳይነግርህ አይቀርም። ዋጋዋን የሚሰቅሉት በዚሁ ነው።

1. የጀርባ ክዳኑን ፎቶ ጠይቅ። የሴሪያል ቁጥሩ የመጀመሪያ አሃዝ ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ይነግርሃል። 36 ብሎ ከጀመረ በፈረንጆቹ 1973 ስድስተኛ ወር ማለት ነው። በዚያ ጊዜ በተሠራች ሰዓት ፊት ላይ “ዋተር ፕሩፍ” (ውሃ አያስገባም) የሚል ጽሑፍ ካየህ ፊቱ ከሌላ የመጣ ነው ብለህ ጠርጥር።

2. ቪዲዮ ይላክልህ። የመሃሉ ረጅም ቆጣሪ ሁልጊዜ አይዞርም፤ የሚዞረው ክሮኖግራፉ ሲነሳ ብቻ ነው። አስነስቶ፣ አቁሞ፣ ወደ ዜሮ ይመልሰው። ቀጥ ብሎ 12 ላይ ካላረፈ ሥራ አለበት። በ6 ቁጥር ቦታ ያለችውን የ30 ደቂቃ ቆጣሪም እያት።

3. ፖሊሽ። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። የራሴን ለጽዳትና ለዘይት ብቻ ብዬ ለአንድ ሰዓት ሠሪ ሰጠሁ። ሲመልስልኝ ጠርዟ ሁሉ እንደ ሳሙና ሟሙቷል። ከላይ የነበሩት ቀጫጭን መስመሮች የሉም። ፊቷም ተቀይሯል! ስጠይቀው “አሳምሬልህ ደግሞ ትቆጣለህ?” አለኝ። የፖሊሹንም ሂሳብ ጨምሮበት እኮ ነው። “የድሮው ፊትስ?” ስለው “የቱ? ያ የወየበው?” ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ንቅንቅ አላልኩም። በመጨረሻ እያጉረመረመ መሳቢያውን ሲገለብጥ ከአሮጌ ማሰሪያዎች ሥር ወጣ። ታችኛው ጠርዝ ላይ በደቃቅ ፊደል ኮዱ አለ፣ 6139 ብሎ የሚጀምረው። እሱ የገጠመልኝ ላይ ምንም የለም። አንተም ፎቶውን አጉልተህ መጀመሪያ ይህንን ፈልግ።

ፊቱን ሌላ ባለሙያ መልሶ ገጠመልኝ። ወይቧል፣ ግን የራሷ ነው። ዛሬ “ሽጥልኝ” የሚሉኝ ብዙ ናቸው፣ አልሸጥም። የተፋቀው ብረት ግን ላይመለስ ሄዷል።

ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ ማሽኑን አላሳይም ካለ ተወው። ካሳየህ ፎቶውን እዚሁ ለጥፈው፣ አይልሃለሁ።