መብራት ሲጠፋ፦ ማቀዝቀዣውና የከሰል ምድጃው

ጥያቄ፦ የምንኖረው የካ አባዶ ነው። መብራት ከምሽት ጀምሮ ሲጠፋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ሥጋና ወጥ እስከ ነገ ይቆይልናል? ለሙቀት ከሰል አቀጣጥለን ቤት ብናስገባስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማቀዝቀዣ በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓታት ያህል፣ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ 48 ሰዓታት ይዞ ስለሚቆይ፣ «ተበላሽቶ ይሆን?» እያሉ ደጋግሞ መክፈቱ ራሱ ጉዳቱን ያፋጥነዋል። መብራቱ ከ4 ሰዓታት በላይ ከዘገየ በማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከፍሪዘር ውጭ የነበረውን ሥጋ፣ ወተትና የተረፈ ወጥ፣ ሽታው ባይለወጥም እንኳ፣ መጣል ይገባል፤ ንጥር ቅቤ ግን አያሳስብዎ።

የከሰሉ ነገር ከሥጋው ይልቅ ያሳስበናል። ጭሱ አልቆ ፍም ከሆነ በኋላ ጉዳት የለውም የሚለው በየቤቱ የሚሰማ አባባል ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ገዳይ ጋዝ ቀለምም ሽታም የሌለው ሲሆን፣ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ስለዚህ ቡናውን በረንዳ ላይ ያፍሉ፤ ለብርዱ ጋቢና ብርድ ልብስ ይደርቡ፤ ምድጃውን መኝታ ክፍል ፈጽሞ አያስገቡ።

ኃይሉ ሲመለስ ሊዋዥቅ ስለሚችል የእንጀራ ምጣዱን፣ ቴሌቪዥኑንና ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ነቅለው፣ አንድ አምፖል ብቻ ለምልክት ይተዉ፤ ብርሃኑ ሳይርገበገብ ጥቂት ደቂቃዎች ከቆየ በኋላ በየተራ ይሰኩ።