ልጄ ከእኔ ይልቅ አያቷን ትወዳለች ላልሽው

እህቴ፣ የ5 ዓመት ልጅሽ ማታ ማታ «እማማ ጋ ነው የምተኛው» እያለች እንደምታለቅስ ነግረሽን፣ ትንሽ ላርቃት ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ አታርቂያት።

እኔ ድሬዳዋ በአያቴ እጅ ነው ያደግሁት። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ። አመሻሽ ላይ ግቢውን ውሃ ትረጭና ሰሌን ታነጥፋለች። ጭኗን ተንተርሼ እጋደማለሁ። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» እላለሁ፤ ተረቱ ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። መሐረቧ ጫፍ ላይ የቋጠረቻት ሳንቲም የእኔ ነበረች። እናቴ ልትቆጣኝ ስትነሳ ሮጬ የአያቴ ነጠላ ውስጥ እገባለሁ። በዚህ ሁሉ ግን ለእናቴ ያለኝ ፍቅር ቅንጣት አልቀነሰም።

በሳይንስም ታይቷል። አሜሪካ የሚገኘው የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ50 ሴት አያቶችን አንጎል በምስል አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱን አሳትመዋል። አያቶቹ የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ሲያዩ፣ የሌላውን ስሜት ከምንጋራበት ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል ጎልቶ ይሠራል። የወለዱትን ልጅ ሲያዩ ግን ይበልጥ የሚነቃው የሰውን ሐሳብ ለመረዳት የሚያግዘው ክፍል ነው። ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። እኔ ሳለቅስ እሷም ዕንባዋ ይመጣ ነበር።

እማማ ስለሚሰጧት ከረሜላም ሆነ ስለ መኝታ ሰዓቷ ቅር ካለሽ ከእናትሽ ጋር ተነጋገሩ፤ ልጅቷ ፊት ግን አይሁን። አርብ አርብ እሳቸው ጋ ትደር። አንቺም አንዳንዴ አብረሽ እደሪ፣ ሰሌኑ ለሦስት ይበቃል።