ከቤተ መጻሕፍት ያወጣችሁትን መጽሐፍ አትደብቁ

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው ቤቴ በር ላይ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሰሌን አንጥፌ ነበር። ስድስት የሰፈር ልጆች መጡ። የልጅ ልጄ ፌስታሏን ገልብጣ ዘረገፈችው። ሌሎቹም ከየቦርሳቸው አወጡ። ስንቆጥር አሥራ አንድ መጽሐፍ ሆነ። ለሳምንት ከቤተ መጻሕፍት የተዋሱት ነው።

አትሳቁብኝና፣ ያ ክምር ከተዘረጋ ጫት የበለጠ ያምራል። ይህን የሚላችሁ ድሬ ተወልዶ ድሬ ያረጀ ሰው ነው፤ ጫት ሲዘረጋ እንዴት እንደሚያምር አይጠፋውም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእነዚያ ስድስት ልጆች ብቻ አይደለም። ሳቢያንም ሁኑ ገንደ ቆሬ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥም ሁኑ ሌላ ቦታ፣ መጽሐፍ እየተዋሳችሁ ብቻችሁን አንብባችሁ ብቻችሁን ለምትመልሱ ሁሉ ነው። ምክሬ አንድ ናት። ያወጣችሁትን አሳዩ።

ይህችን ምክር ያገኘኋት ከራሴ ጥፋት ነው።

እኔ ያረጀሁት ባቡር ቤት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ጠግኛለሁ። የድሮውን ባቡር ማለቴ ነው፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረውን፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ የነበረውን። ሐዲዱ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ድሬዳዋም የተወለደችው ከእሱ ጋር ነው። የባቡር ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። የጥገና መመሪያውም እንደዚያው። ቀን እጃችን ግሪስ፣ ማታ መዝገበ ቃላት። ስለዚህ መጽሐፍ መዋስ የጀመርኩት የንባብ ፍቅር ይዞኝ አይደለም። እንጀራዬ ስለሆነ ነው።

በ1970ዎቹ ስለ ናፍጣ ፖምፓ የሚያስረዳ አንድ መጽሐፍ ተዋስኩ። በሥዕል የተብራራ፣ ግሩም መጽሐፍ። የመመለሻው ቀን አለፈ። ሳምንት ሲያልፍ ነገ እመልሰዋለሁ አልኩ። ወር ሲያልፍ አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ በቤተ መጻሕፍቱ በር ማለፍ ትቼ በኋላ በር ባለው መንገድ መዞር ጀመርኩ። እንዲህ እንዲህ ሲል አሥራ አንድ ወር ሞላው። መጽሐፉም ቤት ውስጥ ሥራ ተገኘለት። ሬዲዮናችን ከፍ ሲል ነበር ጣቢያ የሚይዘው፤ ከሥሩ አደረግነው።

በዚያው ሰሞን ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ወጣት ባልደረባ ነበረን። ምሳ ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው። ለደረጃ እድገት ተፈትኖ ወደቀ። አንድ እሁድ ቤቴ ሻይ ሊጠጣ መጣና ዓይኑን ከሬዲዮኑ ላይ አልነቅል አለ። ሬዲዮኑ ያማረው መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ የመጽሐፉን ጀርባ አነበበ።

«አንተ ጋ ነው እንዴ?» አለኝ።

አምስት ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ አምስቴም «ወጥቷል» ተብሎ ተመልሷል። (አንተ ማለቱን እንደ ድፍረት አትቁጠሩበት። ድሬ ውስጥ አንቱ ብርቅ ነው፤ የልጅ ልጄም አንተ ነው የምትለኝ።) አልተቆጣም። እሱ ነው የከበደኝ። ሻዩን ጨርሶ፣ እናቴን ተሰናብቶ ወጣ። ሰኞ ዕለት መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልዬ መለስኩ። ቅጣቱ ከአንድ ምሳ ዋጋ አይበልጥም ነበር። ልጁ በዓመቱ ፈተናውን አለፈ። ኋላ ደግሞ አለቃዬ ሆነ፤ ግን ያን እሁድ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

ቀን ማሳለፌ ጥፋት ነው። የከፋው ግን ሌላ ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ከአንድ ሳህን ስንበላ፣ አንድ ቀን እንኳ «እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዣለሁ» ብዬው ቢሆን ኖሮስ?

ለዚህ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሌን የማነጥፈው። ሥርዓቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ያመጣውን ያነሳል፤ እስከ ስንተኛው ገጽ እንደደረሰ ይናገራል፤ የገረመውን አንድ ነገር ያወራል። አለቀ። ግምገማ የለም። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ሰልችቶኝ ተውኩት ማለትም ይቻላል። እኔ ራሴ በዚህ ዕድሜዬ የማልጨርሰው ብዙ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ብዙ ያስወራን መጽሐፍ የትኛው ይመስላችኋል? ስለ ንብ ማነብ የሚያወራ አሮጌ መጽሐፍ። ያመጣው ልጅ ንብ የለውም። ሄዶ የነበረው ለእናቱ ዶሮዎች መፍትሔ ፍለጋ ነው። እዚህ ላይ ስለ ቁጥሩ ላውራችሁ። በብዙ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ጀርባ ላይ ያለችው ቁጥር ዝም ብላ አይደለችም። ዴዊ የተባለ አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው አከፋፈል ነው፤ እውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 ይደለድላል። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው። የእኔ ሐዲድ 625 ላይ ነው። የቤት እንስሳት 636፣ ንብ ደግሞ 638። የዶሮው መጽሐፍ ወጥቶ ነበርና ልጁ ከቦታው ሁለት ስንዝር ወደ ቀኝ ሄዶ ንብ አገኘ። የፈለጋችሁትን ስታጡ ግራና ቀኙን ሳታዩ አትመለሱ። መደርደሪያው ዝግ ከሆነ ሠራተኛውን «አጠገቡ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ሰው ስለማይጠይቀው ደስ ይለዋል።

ልጁ ምን አለን? ሠራተኛ ንብ ሥራ በሚበዛበት ወቅት የምትኖረው ስድስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው አለን። ቀጥሎ፣ አበባ ያገኘች ንብ ቀፎዋ ተመልሳ ትጨፍራለች አለን። በየት አቅጣጫ እንደሆነና ምን ያህል እንደሚርቅ ለሌሎቹ የምትነግራቸው በጭፈራው ነው። እንዴት አድርጋ? ብንለው ተነሳና ሰሌኑ መሐል ወገቡን እያወዛወዘ ስምንት ቁጥር እየሠራ ዞረልን። አቦ፣ እንደዚያ ሳቄ መጥቶ አያውቅም! መጽሐፉ አሁን ተራ የሚያዝበት ሆኗል፤ ሦስት ሰው እየጠበቀ ነው።

ተራ ስል አንድ ነገር ጠንቀቅ በሉ። የተዋሳችሁት መጽሐፍ በስማችሁ፣ በመታወቂያችሁ፣ አንዳንዴም በዋስ የወጣ ነው። ለጓደኛ ሹልክ አድርጎ ማቀበል የለም። ማካፈል ማለት ሁለት ሆናችሁ ሄዳችሁ፣ አንዱ ሲመልስ ሌላው እዚያው በስሙ ሲያወጣ ነው፤ ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ከሌለ። ወደ ቤት የማያስወጣ ቤተ መጻሕፍትም አለ። እዚያ ደብተር ይዛችሁ ገብታችሁ፣ ለቅዳሜ የምታወሩትን ጽፋችሁ ውጡ። ገጽ ከተቀደደ በፕላስተር አትለጥፉት፤ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ስትመልሱ ንገሯቸው። ሙሸበክ የሚባለውን የሚያጣብቅ ጣፋጭ እየበላ መጽሐፍ የነካ ደግሞ ሰሌኔ ላይ ሁለተኛ አይቀመጥም። ይህ ሕግ የወጣው በእኔ ምክንያት ነው፤ ዝርዝሩ ይቆየን።

ይህ ነገር የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሐረር ውጡና ራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም እዩ። በእጅ የተጻፉ ቁርአኖችና ኪታቦች፣ የሐረር ጠራዦች የደጎሷቸው፣ ቆዳው እንደ ፖስታ ክዳን ታጥፎ አፋቸውን የሚሸፍነው። ሐረር ከነበሩት የድሮ መጻሕፍት ብዙዎቹ ወቅፍ ናቸው። ወቅፍ የተደረገ መጽሐፍ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ለሚያነብ ሰው የተሰጠ ነው። ቁርአኑ በሠላሳ ጁዝ ተከፍሎ፣ ለቅሶ ቤት ለተቀመጠው ሰው እየታደለ ሁሉም ድርሻውን ሲያነብ ሙሉው በአንድ ቁጭታ ሲያልቅ አይቻለሁ። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ይከፋፈላል። የብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ ደግሞ የሰረቀውና ስሙን የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ጽሑፍ አለ። ያን ዘመን ብኖር አሥራ አንድ ወር አስቀምጬው ምን ይውጠኝ ነበር?

«አባባ፣ ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ሞልቶ ለምን ቤተ መጻሕፍት?» የሚሉኝ አሉ። እኔም ስልኬ ላይ አለኝ። ብዙ ጭኛለሁ፣ ያነበብኩት ግን ሁለት ነው። «መጽሐፉን መልስ» የሚለኝ የለማ! የደራሲው ድካም ሲዘረፍ ማየቱም ደስ አይለኝም፤ ግን በእሱ ላይ ዛሬ አልጣላችሁም።

ጊዜ የለንም ለምትሉት፣ ድሬ ውስጥ ጊዜ አለ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁም ይዘጋል፣ ሰዉም ይጋደማል። ፋኑን ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ ሃያ ገጽ ብታነቡ በሳምንት መቶ አርባ ነው። ገጹን በፋኑ እንዳይገለባበጥ በስልካችሁ ተጫኑት። ስልኩም አንድ ሥራ ያገኛል።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ የቀጠርናቸው ነገሮች አሉ። አንዱ ልጅ የአንድ የታሪክ መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጽ ይዞ ለወራት አንደኛውን ሲያስስ ኖሯል፤ አንደኛው የልጅ ልጄ የክፍል ጓደኛ ቤት መኖሩ ታውቋል። ሌላው የልቦለዱ ጉዳይ ነው። አንዷ ልጅ ያመጣችው ወፍራም ልቦለድ የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉትም፤ ማን እንደቀደዳቸው አላህ ይወቀው። እሷ በንዴት ልታለቅስ ነበር። ከልጆቹ አንዱ «አጎቴ ጋ ደህናው አለ» አለና የጎደሉትን በእጁ ገልብጦ ሊያመጣልን ቃል ገባ። ስምንት ገጽ ነው። እስካሁን አምስቱን ጨርሷል፤ ትናንት ሱቅ በር ላይ አግኝቼው ጣቱን አሳየኝ፤ ቀለም በቀለም ሆኗል። ልጅቷም እኔም እየጠበቅነው ነው፤ እስከ ቅዳሜ ድረስ መጨረሻውን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እንዳትነግሩኝ።