የፈረንሳይ ዋሻዎችና የመካከለኛው ዘመን መንደሮች፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

የምኖረው ቦርዶ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ወዳሉት የዶርዶኝና የቬዜር ሸለቆዎች፣ የጥንት ሰዎች ሥዕል ወዳለባቸው ዋሻዎች፣ ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ። ስለ ቪዛ አትጠይቁኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስቱትጋርት፦ ጋሼ፣ በነሐሴ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር እንመጣለን። የላስኮ ዋሻ መግቢያ ትኬት የት ይገዛል?

መልስ፦ የዋናው ዋሻ ትኬት የትም አይገዛም፤ ከ1963 ጀምሮ ዝግ ነው። በ1940 ተገኘ፣ በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ፣ ከዚያ በኋላ በቀን ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ይተነፍስበት ጀመር። ትንፋሹና መብራቱ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ አልጌ አበቀለ፣ ካልሳይት የሚባል ነጭ የማዕድን ሽፋንም አመጣ። የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ዘጋው። አሁን የምታዩት በ2016 ሞንቲኛክ ላይ የተከፈተውን ቅጂ፣ ላስኮ 4ን ነው። ለእሱም ቢሆን በነሐሴ ትኬት ቀድማችሁ ያዙ።

ከአዲስ አበባ፦ ቅጂ ለማየት ነው ያን ሁሉ መንገድ የሚኬደው? ዋናው የሚታይበት ዋሻ የለም?

መልስ፦ ይኼ ጥያቄ ነው! ሌ ዜዚ የምትባለው መንደር ሂድ፤ ፎን ደ ጎም የሚባለው ዋሻ እዚያው ነው። ባለ ብዙ ቀለም ሥዕል በዋናው ግድግዳ ላይ ከሚታይባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ የሚያስገቡህ በትንንሽ ቡድን፣ ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። መጀመሪያ ምንም አይታይህም። አስጎብኚዋ መብራቷን ከጎን ስታበራ ግን የድንጋዩ እብጠት የጎሽ ትከሻ ይሆናል። አንድ ፈረስ አለ፤ ሠዓሊው የኋላ እግሩን አልሳለም፣ ውሃ ሲንጠባጠብ የሠራውን የድንጋይ መጋረጃ እንዳለ እግር አደረገው። ሁለት አጋዘኖችም ፊት ለፊት ተሥለዋል፤ ወንዱ አንገቱን ደፍቶ የሴቷን ግንባር ይልሳል። ጥቁሩ ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን፣ ቀዩ የብረት ዝገት ነው። ከ14,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቦታው ጥቂት ስለሆነ ትኬት ቀድመህ ያዝ። ግድግዳ አትንካ።

ከሮም፦ እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። ፎን ደ ጎም ደብዝዟል፤ ላስኮ 4 ይሻላል፣ ቢያንስ በሬዎቹ ይታያሉ።

ከፓሪስ፦ እንዲህማ ከሆነ ፎቶውን ቤትህ ተቀምጠህ ብታይስ?

ከሮም፦ ፎቶና ዋሻን ሙሉ በሙሉ በልኩ መሥራት አንድ አይደለም። ደግሞ እኛ በመተንፈሳችን ፎን ደ ጎምም ነገ ሊዘጋ ይችላል።

መልስ፦ የመጨረሻው ነጥብህ እውነት ነው፣ በቡድን ጥቂት ሰው የሚያስገቡትም ለዚሁ ነው። ስለ መደብዘዙ ግን፣ ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሥ።

ከሚኒያፖሊስ፦ ፈረንሳይ ውስጥ ምን ይታያል?

መልስ፦ ፈረንሳይ።

ከድሬዳዋ፦ ቄስ አንሪ ብረይ የሚባሉት የዋሻ ተመራማሪ እኛም አገር መጥተው ነበር ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ብረይ በ1901 ፎን ደ ጎምንና ጎረቤቱን ኮምባሬልን ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ናቸው። በ1933 ደግሞ እናንተው ከተማ አጠገብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ቆፍረዋል። ይህን ሳታውቅ ከዋሻው ሥር ያደግህ ከሆነ፣ ፈረንሳይ ከመምጣትህ በፊት ዳገቱን ውጣና እየው።

ከስቱትጋርት፦ ጋሼ፣ ልጆቹ አራትና ሰባት ዓመታቸው ነው። የቱ ዋሻ ይስማማቸዋል?

መልስ፦ ሩፊኛክ። በኤሌክትሪክ ባቡር ትገባላችሁ፣ ልጅ አይደክምም። ከ150 በላይ ማሞቶች፣ ማለትም ከምድር የጠፉ ጸጉራም የዝሆን ዘመዶች፣ ተሥለውበታል። ባቡሩ ሲሄድ ወለሉን እዩ፤ ክብ ክብ ጉድጓዶቹ ድቦች የከረሙባቸው ናቸው። ግድግዳው ላይ የጥፍራቸው ጭረት አለ። ውስጡ 13 ዲግሪ ነው፣ በነሐሴም ሹራብ ያዙ። ግድግዳ አይነካም፤ ለልጆቹ ከደጅ ጀምራችሁ ንገሯቸው።

ከለንደን፦ ከመካከለኛው ዘመን ቦታዎች በግንብ የታጠረውን ከተማ ካርካሶንን የሚያህል የለም። ምንም ሳይነካ የቆየ ነው።

ከፓሪስ፦ ሳይነካ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪዮሌ ለ ዱክ የተባለው አርክቴክት ነው መልሶ የሠራው። ሾጣጣዎቹ የግንብ ጣሪያዎች እስከ ዛሬ ያከራክራሉ።

ከለንደን፦ የፈረሰ ሲጠገን ጥንታዊነቱ ይቀራል እንዴ? የጎንደር ግንብም ተጠግኗል።

ከፓሪስ፦ ተጠገነ ማለትና አልተነካም ማለት ይለያያል።

መልስ፦ ካርካሶን ከዚህ ሩቅ ነው፣ ሌላ ቦታ ተከራከሩ። እዚህ ቤናክንና ካስቴልኖን እዩ። በዶርዶኝ ወንዝ ግራና ቀኝ የተፋጠጡ ሁለት ምሽጎች ናቸው፤ በመቶ ዓመቱ ጦርነት አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የፈረንሳይ፣ ሌላው የእንግሊዝ ነበር። ዶምና ሞንፓዚዬ የሚባሉት መንደሮችም ጥሩ ናቸው። ሳርላ ከተማ ረቡዕና ቅዳሜ ገበያ ነው።

ከጄኔቭ፦ ጋሼ፣ ፍልሰታን እጾማለሁ። እዚያ አገር ሁሉም ነገር ዳክዬ ነው ይባላል፤ ምን እበላለሁ?

መልስ፦ ዳክዬው እውነት ነው፤ አትክልቱ ሳይቀር በስቡ ይጠበሳል። ድንች ስታዢ «በምን ተጠበሰ?» ብለሽ ጠይቂ። ዳቦ፣ የዋልነት ዘይትና ቲማቲም ከገበያ ይገኛል፤ ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ ተከራዪ። ነሐሴ 9 ቀን፣ በእነሱ ኦገስት 15፣ በመላ አገሩ ሥራ ዝግ የሚሆንበት በዓል ነው፤ ብዙ ሱቅ ይዘጋል።

ከብራስልስ፦ ያለ መኪና ይቻላል?

መልስ፦ ሌ ዜዚ በባቡር ይደረሳል፤ ከጣቢያው ፎን ደ ጎም በእግር ነው። ለመንደሮቹ መኪና ያስፈልጋል።

ከዋሺንግተን፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ገና አሁን ነው የገባሁት። የላስኮን ውስጡን ለመጎብኘት ትኬት የት ይገዛል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብብ። የሚቀጥለው ጠያቂም እንዲሁ።