ቱቦውስ ቀላል ነበር፣ ጭንቁ መብራቱ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ጨጓራዬ አላስቀምጥ ስላለኝ ሐኪሜ ኢንዶስኮፒ አዘዘልኝ። ቱቦውን ሳስበው ገና ያቅለሸልሸኛል። ለመሆኑ ይሄን ነገር በሰው ጉሮሮ ማስገባት መጀመሪያ የመጣለት ማን ነው? (አንባቢያችሁ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። በዚህ ምርመራ መጀመሪያ ካለፉት ሰዎች አንዱ ሰይፍ ዋጭ ነበር። ቀልዴን አይደለም። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

በ1868 ጀርመን ውስጥ፣ ፍራይቡርግ፣ አዶልፍ ኩስማውል የሚባል ሐኪም ጨጓራን ከውስጥ ለማየት ተነሳ። ቱቦው 47 ሳንቲሜትር የሚረዝም፣ ንቅንቅ የማይል ብረት ነው። ማን ይውጥለታል? በትርኢት ሰይፍ እየዋጠ የሚያድር ሰው ተገኘ፤ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ እንደ ሥራው ዋጠው። ቱቦው ገባ። ኩስማውል ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አላየም፣ ምክንያቱም መብራቱ ከውጭ ነው የሚላከው፣ ያን ሁሉ ርዝመት አልፎ ጨጓራ እስኪደርስ ደግሞ አቅም የለውም። የዚህ መሣሪያ ታሪክ በሙሉ ይኸው ነው ብልሽ አላጋነንኩም፤ ቱቦ መሥራት አላቃታቸውም፣ ያስቸገራቸው ብርሃን ነው።

ከእሱ በፊት ፊሊፕ ቦዚኒ ነበረ፣ የፍራንክፈርት ሐኪም። በ1806 አካባቢ ክንድ የማትሞላ የአበባ ማስቀመጫ የምትመስል ዕቃ ሠራ። ውስጧ ሻማ፣ ከሻማው ጀርባ መስታወት፣ ፊት ለፊት ደግሞ እንደሚታየው የሰውነት ክፍል የሚቀያየር ቱቦ። አዎ፣ ሻማ! ቪየና ያሉ የጦር ሐኪሞች ሞክረው ወደዷት፤ የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ክፍል ግን ናቃት። በእኔ ግምት ከሕክምናው ይልቅ ፉክክሩ በልጧል። ቦዚኒ በ1809 በታይፈስ ሞተ፣ ገና 35 ዓመቱ ነበር።

በ1853 ፈረንሳዊው ዴዞርሞ ሻማውን በአልኮልና ተርፔንታይን ፋኖስ ተካው። ብርሃኑ ተሻለ፣ ግን ፋኖሱ ስለሚግል በሽተኛውን ማቃጠል መጣ። መላው የተገኘው በ1879 ነው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ማክሲሚሊያን ኒትዘ፣ ከቪየናው መሣሪያ ሠሪ ከዮሴፍ ላይተር ጋር ሆኖ፣ መብራቱን ራሱን ወደ ሽንት ፊኛ አስገባው። በኤሌክትሪክ የሚግል የፕላቲኒየም ሽቦ ነው፤ እንዳያቃጥል በዙሪያው ቀዝቃዛ ውኃ ይዘዋወራል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ትንንሽ አምፖል ሲመጣ ከውኃው ተገላገሉ።

ያንቺን ጉሮሮ ያሳረፈው ግን ሐኪሙ ባሲል ሂርሾዊትዝ ነው። በ1957፣ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ፣ ብርሃንና ምስል በሚያስተላልፍ ቀጫጭን የመስታወት ክር የሚታጠፍ ቱቦ ሠርቶ መጀመሪያ የዋጠው ራሱ ነው። የዛሬው ውፍረቱ የትንሿን ጣት ያህል ነው፣ ይታጠፋል፣ ጉሮሮ ላይም ማደንዘዣ ይረጫል። ሰይፍ መዋጥ አይጠበቅብሽም። በይ ሳትበዪ ሂጂ፣ ስንት ሰዓት እንደምትጾሚ ከሐኪምሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ፍሎማርክት (የአሮጌ ዕቃ ገበያ) ላይ በሣጥን የተቀመጠ ቀጭን የብረት ቱቦ አየሁ፣ ጫፉ ትንሽ ቆልመም ያለና ሚጢጢ አምፖል ያለው። ሻጩ «የ1700ዎቹ የሐኪም ዕቃ ነው» ይላል። ልግዛው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሻጩ ወይ አያውቅም ወይ ሊሸውድህ ነው። አምፖል ካለው ከ1880ዎቹ ወዲህ ነው፣ አበቃ። የምትገልጸው የሽንት ፊኛ ማያ ይመስላል።

እጀታውንም እይ። የድሮ ሐኪሞች ዕቃ እጀታው እንጨት ወይም የዝሆን ጥርስ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መሣሪያን በእንፋሎት መቀቀል ሲለመድ እንጨቱ ስለሚሰነጠቅ ሁሉም ወደ ብረት ዞረ፣ ብዙውም ኒኬል የተቀባ። የዝሆን ጥርስ ያለበት ከሆነ ደግሞ ድንበር ላይ ወረቀት ይጠይቁሃል፣ ለአገር ቤት ስጦታ ብለህ እንዳትይዘው። የሠሪው ስምና ከተማ አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ላይ ይቀረጻል፣ በአጉሊ መነጽር ፈልገው። «ላይተር፣ ቪየና» የሚል ካገኘህ ፊትህን ሳትለውጥ ዋጋ ጠይቅ።

የቦዚኒን ግን እንዳትጠብቅ፣ ያንተው ከተማ ሐኪም ቢሆንም። ዋናው ዕቃው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቺካጎ ገብቶ ቆይቶ በ2002 ወደ ቪየና ተመልሷል።

ከገዛኸው ብረቱን በአሸዋ ወረቀት አትፈትገው፣ ያረጀበትን መልክ ስታጠፋ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል። አምፖሉንም በባትሪ ልሞክር እንዳትል፤ ክሩ ከተበጠሰ ምትኩን የትም አታገኝም።