መልስ፦ በቤት ሶላር ቢትኮይን ማውጣት ያዋጣል ወይ?

ወንድሜ፣ ፍኖተ ሰላም ባለው ቤትህ አራት ባለ 400 ዋት ሶላር ፓነልና አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይዘህ ቢትኮይን ማውጣት፣ ማለትም በኮምፒውተር ስሌት ግብይቶችን እያረጋገጡ ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በክፍያ ማግኘት፣ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀሃል። አያዋጣም።

አንትማይነር ኤስ19 ፕሮ የሚባለው ቢትኮይን ማውጫ ማሽን 3,250 ዋት ገደማ ይበላል፤ ሌት ተቀን ሲሠራ በቀን 78 ኪሎዋት-ሰዓት መሆኑ ነው። ፓነሎችህ በበጋ ጠራራ ፀሐይ እንኳ በቀን 8 ያህል ቢሰጡ ነው። ባትሪህ የሚይዘው ደግሞ 2.4 ብቻ ነው፤ የእርሳስ ባትሪ ከሆነ፣ እንዳይጎዳ ከግማሽ በላይ አይወሰድበትም። ስለዚህ ማሽኑን ለ20 ደቂቃ ያህል ያንቀሳቅስልሃል፤ ያውም ገመዱና ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለማሽኑ ወደሚሆን የሚለውጠው) 270 አምፔር ከቻሉ! ሐምሌና ነሐሴን አላነሣሁም፤ የጎጃምን ክረምት አንተው ታውቀዋለህ።

በሚያዝያ 2016 ደግሞ ለአንድ ብሎክ (ለአንድ የተረጋገጠ የግብይቶች ጥቅል) ለአውጪው የሚከፈለው ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ወርዷል። ብሔራዊ ባንክም በ2014 በክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ባሉ ዲጂታል ገንዘቦች) መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል።

ትርፍ ኃይል ካለህ አነስተኛ የመስኖ ፓምፕ አስገጥምና ሽንኩርትህን አጠጣበት። በቀጥታ ከፓነል የሚሠራውን ዓይነት ከመረጥህ ባትሪም አያስፈልግህም። የማሽኑ ጩኸት ግን ከጎረቤት ጋር ከማጣላት በቀር ምንም አያተርፍልህም።